ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ዘረኝነትንና ምላሽ የማይጠብቅ ፍቅርን የሚመረምሩ ግጥሞችን የማንበቢያ መመሪያ

ስለ ዘረኝነት የተጻፈ ግጥም ሲያጋጥመን ብዙዎቻችን ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ ተናደን እንዘጋዋለን፤ ወይ ደግሞ መጨረሻው ላይ የፍቅር ቃል ፈልገን፣ አገኘን ብለን፣ ልባችን ረክቶ እንዘጋዋለን። በሁለቱም መንገድ ግጥሙን በቅጡ ሳናውቀው እንለያያለን።

በእነዚህ ግጥሞች ውስጥ ጥላቻና ፍቅር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ርዕሶች አይደሉም። ተጠላልፈዋል። እንዲታገስ፣ እንዲወድ፣ ይቅር እንዲል የሚጠበቀው አብዛኛውን ጊዜ በቆዳ ቀለሙ የተናቀው ሰው ነው። ከናቀው ሰው ግን ይሄ ነው የሚባል ነገር አይጠበቅም። ስለዚህ "እንዴት ያለ ውብ ፍቅር ነው!" ከማለታችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ። የዚህን ፍቅር ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ይሄ መመሪያ ከዳር እስከ ዳር የሚያጠነጥነው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ አጭር ግጥም፣ እርሳስና ወረቀት ነው። ግጥሙን ስልካችሁ ላይ ብታገኙትም በእጃችሁ ገልብጡት። ዓይን የሚዘለውን ቃል እጅ አይዘለውም። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. በአጭሩ ጀምሩ

በረጅም ግጥም አትጀምሩ። ቢበዛ 30 መስመር ገደማ የሆነ ይሁን። አጭር ግጥም ደጋግሞ ለማንበብ ይመቻል፤ እንዲህ ያለው ግጥም ደግሞ አንዴ ተነቦ የሚበቃ አይደለም።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ግጥሞች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። የመጡትም ከሁለት ቦታ ነው፤ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ጥቁር ሰዎችን በመሸጥና በመለወጥ የከበሩ አገሮች ናቸው፤ ግጥሞቹም ያንን ታሪክ ተሸክመዋል። እንግሊዝኛችሁ ብዙ የማይደፍር ከሆነ አትጨነቁ። አብዛኞቹ ቃላት ቀላል ናቸው። የሚከብደው ከቃላቱ ጀርባ ያለው ነው።

2. ታሪኩን ሳታነቡ መጀመሪያ ድምፁን ስሙ

ስለ ገጣሚው የተጻፈ ነገር ለማንበብ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ግጥሙን ሁለት ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በመጀመሪያው ንባብ ምቱን ብቻ ስሙ። በሁለተኛው፣ ድምፃችሁ የተደናቀፈበትን ቦታ በእርሳስ አስምሩ።

ለዚህ የጥቁር አሜሪካዊው ገጣሚ የካውንቴ ከለን "ክስተት" የተባለ ግጥም ይሁናችሁ። በ1925 በወጣው የመጀመሪያ መድበሉ ውስጥ ይገኛል። 3 አንጓ፣ 12 መስመር ነው፤ በቃ። አንድ ጥቁር ልጅ በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ እየተጓዘ ነው። ልቡም ጭንቅላቱም በደስታ ሞልቷል። ሌላ ልጅ ትክ ብሎ ሲያየው ያገኘዋል። ተናጋሪው የስምንት ዓመት ሕፃን ነው፣ ትንሽዬ። ያኛውም ቢሆን አይበልጠውም። ስለዚህ ፈገግ ይልለታል። ልጁ ምላሱን አውጥቶ በዘር ስድብ ይሰድበዋል። ከዚያ ተናጋሪው እንዲህ ይለናል፦ ከግንቦት እስከ ታኅሣሥ ባልቲሞርን በሙሉ አየሁ፤ እዚያ ከሆነው ነገር ሁሉ የማስታውሰው ግን ይህን ብቻ ነው። አለቀ።

ጮክ ብላችሁ ስታነቡት ምቱ የልጆች መዝሙር መሆኑን ትሰማላችሁ። ቀለል ያለ፣ የሚዘለል፣ ለጨዋታ የሚሆን ምት። በሁለተኛው አንጓ "ከእኔ አይበልጥም" የሚለው መስመር ሲያልቅ ጆሯችሁ ቤት የሚመታለትን ቃል መጠበቅ ይጀምራል። ከሁለት መስመር በኋላ ቃሉ ይመጣል። ቤትም ይመታል። የመጣው ግን ስድቡ ነው። ከለን ስድቡን ያስቀመጠው መዝሙሩ ራሱ በሚጠራው ቦታ ላይ ነው። አንባቢው ሳያውቀው ሲጠብቀው ቆይቷል። ዘረኝነት ልጁን ያገኘው እንዲህ ነው፤ በደስታው መሀል፣ ዜማው ሳይቋረጥ።

አሁን ወደ ፈገግታው ተመለሱ። "ስለዚህ ፈገግ አልኩለት" ይላል ልጁ። በምን ምክንያት? እኩያው ስለሆነ። ሌላ ምክንያት አላስፈለገውም። በግጥሙ ውስጥ የተሰጠው ብቸኛ ስጦታ ያ ፈገግታ ነው። ማንም አልጠየቀውም፣ ምላሽም አላስያዘበትም። ፍቅር የሚል ቃል የትም የለም፤ ነገር ግን ምላሽ የማይጠብቅ ፍቅር በትንሹ መልኩ እዚያች መስመር ላይ ቆሟል። የተከፈለውን ዋጋም አይተናል፦ ወራት ሙሉ የታየች አንዲት ከተማ ከልጁ ትዝታ ጠፍታለች።

ልብ በሉ፣ ከለን "አዘንኩ" አላለም። "አለቀስኩ" አላለም። ስሜቱን ለእኛ ትቶታል። ድምፃችሁ የተደናቀፈው ስድቡ ላይ ብቻ ሳይሆን የመጨረሻው መስመር ላይም ከሆነ ግጥሙ ሥራውን ሠርቷል።

3. ማን ነው የሚያወራው? ለማን?

ገጣሚውና የግጥሙ ተናጋሪ አንድ ሰው ናቸው ብላችሁ አትነሱ። ወረቀታችሁ ጫፍ ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ተናጋሪው ማን ነው? የሚናገረውስ ለማን ነው? የልጅ አንደበት ከሆነ ልጅ የማያውቀውን እኛ እናውቃለን፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ብዙ ነገር አለ። "እኛ" የሚል ከሆነ ያ "እኛ" እናንተን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? አንዳንዴ መልሱ የሚያሳፍር ይሆናል። ይሁን፣ ጻፉት።

ይህን እርምጃ አሁን በአጭሩ ያዙት። ስድስተኛው ላይ ስትደርሱ ትመለሱበታላችሁ።

4. ቃሉን ተዉትና ድርጊቱን ፈልጉ

ምላሽ የማይጠብቅ ፍቅር ስለ ራሱ ብዙ አያወራም። ስለዚህ "ፍቅር" የሚል ቃል አትፈልጉ። የሚሠሩ እጆችን ፈልጉ።

ጥቁር አሜሪካዊው ገጣሚ ሮበርት ሃይደን በ1962 ባሳተመው መድበል ውስጥ "እነዚያ የክረምት እሁዶች" የተባለ 14 መስመር ግጥም አለ። አንድ ሰው አባቱን ያስታውሳል። አባትዬው እሁድም ሳይቀር በማለዳ ይነሳል። ሳምንቱን ሙሉ ደጅ ሲሠራ በተሰነጣጠቀ እጁ እሳት ያነዳል። ቤቱ ሲሞቅ ልጁን ይቀሰቅሳል። ጫማውን ሳይቀር ጠርጎለታል። ማንም አንድም ቀን አላመሰገነውም። ልጁም ያናግረው የነበረው በግድ የለሽነት ነው። "ፍቅር" የሚለው ቃል የሚመጣው በመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ነው፤ እሱም "ስለ ፍቅር ያኔ ምን አውቅ ነበር?" በሚል ጸጸት ውስጥ።

እርሳሳችሁን አንሱና ግሶቹን ብቻ አክብቡ። ተነሳ፣ ለበሰ፣ አነደደ፣ ጠረገ። አባትዬው በግጥሙ ውስጥ ስለ ስሜቱ አንድ ቃል አይተነፍስም። የሆዱን የምናውቀው ከእጁ ነው።

"ታዲያ ዘረኝነቱ የታለ?" ትሉ ይሆናል። በግጥሙ ውስጥ የለም። ዘር የሚል ፍንጭ እንኳ የለም። ሃይደን ያደገው ዲትሮይት ውስጥ፣ ጥቁሮች ተገፍተው በሰፈሩበት ድሃ መንደር፣ በአሳዳጊዎቹ ቤት ነው። ይህን ካወቃችሁ በኋላ የእጁን መሰንጠቅና የቤቱን ቁጣ በሌላ ዓይን ልታዩት ትችላላችሁ። ግን አትቸኩሉ። ገጣሚው ጥቁር ስለሆነ ብቻ እያንዳንዱ መስመር ስለ ዘረኝነት ነው ብሎ መደምደምም ሰውየውን ማሳነስ ነው። ጥቁር አባት አባት ብቻ ሆኖ የሚታይበት ግጥም የማግኘት መብት አለው። እኔ በግሌ ይህን ግጥም ከሌሎቹ ጋር እንዲነበብ የምገፋፋው ለዚህ ነው። ዘረኝነት ምን እንደሚነጥቅ የሚገባን የሚነጠቀውን ስናውቀው ነው።

5. ያልተባለውን ስሙ

ሰምና ወርቅ ያደገበት ጆሮ ካላችሁ ይህ እርምጃ ይቀላችኋል። ጥቁር ገጣሚዎች የልባቸውን በግልጽ መናገር በሚያስከፍልበት ዘመን ከላይ አንድ፣ ከሥር ሌላ የሚል ግጥም ጽፈዋል። ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች የተወለደው ፖል ሎረንስ ደንባር "ጭንብል እናጠልቃለን" የሚል 15 መስመር ግጥም አለው። ጭንብሉ ይስቃል፣ ይዋሻል፤ ከሥሩ ልብ ተቀዶ ይደማል። "ጥርስ ባዳ ነው" የምንለው ነገር ነው። ደንባር በመላው ግጥም ውስጥ ስለ ቆዳ ቀለም አንድም ቃል አያነሳም። ርዕሰ ጉዳዩን ራሱን ጭንብል አልብሶታል።

እዚህ ላይ የምትሠሩት ሥራ ቀላል ነው። በግጥሙ ውስጥ ሊኖር ይገባ የነበረና የሌለ ነገር ምንድን ነው? አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ ሂሳቡን ጠይቁ። ይህ ሁሉ ፈገግታ የማንን ምቾት ለመጠበቅ ነው? ሰው ሌላው እንዳይከፋው ብሎ ሕመሙን ሲውጥ ከውጭ ሲታይ ደግነት ይመስላል። ደንባር የሚያሳየን ግን ፍርሃት ደግነት መስሎ እንደሚኖር ነው።

6. ሂሳቡን ሥሩ

ይህ እርምጃ የመመሪያው ልብ ነው። ጊዜ ስጡት።

እንግሊዛዊው ገጣሚ ዊልያም ብሌክ "ትንሹ ጥቁር ልጅ" የሚለውን ግጥም ያሳተመው በ1789 ለንደን ውስጥ ነው። 28 መስመር ነው። እንግሊዝ ያኔ ሰው በመርከብ እየጫነች የምትሸጥ አገር ነበረች። የባሪያ ንግድን ለማስቆም የተቋቋመው ማኅበር ከተመሠረተ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ንግዱ በሕግ የተከለከለው በ1807፣ የባርነት ማስወገጃው ሕግ የወጣው ደግሞ በ1833 ነው። ብሌክ የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አላየም፤ የሞተው በ1827 ነው።

ግጥሙ ውስጥ ጥቁር ልጅ ይናገራል። እናቱ ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጣ፣ ፀሐይ ሳትጠነክር፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ስማው ታስተምረዋለች። ፀሐይ ስትወጣ አየህ? እግዚአብሔር የሚኖረው እዚያ ነው፤ ብርሃኑንና ሙቀቱን ይሰጣል። እኛ በምድር ጥቂት ጊዜ የምንቆየው የፍቅርን ጨረር መሸከም እንድንለምድ ነው። ይህ ጥቁር ገላ ደመና ነው፣ ጥላ ነው። ሙቀቱን መቻል ስንማር ደመናው ይገፈፋል።

ልጁ ይህን ተምሮ ወደ እንግሊዛዊው ልጅ ዞሮ ይናገራል። እኔ ከጥቁር ደመናዬ፣ አንተ ከነጭ ደመናህ ስንወጣ፣ በአባታችን ጉልበት ላይ በደስታ ለመደገፍ እስክትችል ድረስ ከሙቀቱ እከልልሃለሁ። ያኔ ቆሜ የብር ፀጉርህን እዳብሳለሁ። እንዳንተ እሆናለሁ፤ አንተም ያኔ ትወደኛለህ።

አሁን ወረቀታችሁን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል "የሚሰጠው"፣ በሌላ በኩል "የሚቀበለው" ብላችሁ ጻፉ። ጥቁሩ ልጅ፦ ይከልላል፣ ይቆማል፣ ይዳብሳል፣ ይመስላል። ነጩ ልጅ፦ ይከለላል፣ ይደገፋል፣ ይዳበሳል። በነጩ ልጅ በኩል አንድ ንቁ ግስ ብቻ ትቀራለች፤ "ይወደኛል"። እሷም "ያኔ" ተብላ ወደ ሰማይ ተላልፋለች። በምድር ላይ፣ በዚህ ግጥም ውስጥ፣ ነጩ ልጅ አንድ ነገር እንኳ ሲሰጥ አናየውም። አንድ ቃልም አይናገርም።

ወረቀቱን ከሞላችሁ በኋላ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ይህን ፍቅር የጠየቀው ማን ነው? ሁለተኛ፣ ምላሹ የሚመጣው መቼና በምን ቅድመ ሁኔታ ነው? ሦስተኛ፣ ሰጪው ባይሰጥ ምን ይደርስበታል?

በብሌክ ግጥም የመጀመሪያው መልስ ልብ ይሞላል። ማንም አልጠየቀውም። ልጁ የሚሰጠው እናቱ የሰጠችውን ነው። እሷ ከፀሐይ ከልላ ሳመችው፤ እሱ ደግሞ ሌላውን ሊከልል ይነሳል። መከራን የተሸከመው ልጅ በሰማይም ከነጩ የጠነከረ ነው። ሙቀቱን የሚችለው እሱ ነው፤ ነጩ ገና አልለመደም። ብሌክ በዘመኑ የነበረውን የበላይና የበታች መሰላል እዚህ ላይ ገልብጦታል።

የሁለተኛው መልስ ግን ሆድ ይበላል። የሚወደደው "እንዳንተ ስሆን" ነው። ግጥሙ መጀመሪያ ላይም "ጥቁር ነኝ፣ ነፍሴ ግን ነጭ ናት" ብሎ ነበር። ይህ ልጅ ነፍሱን እንኳ በሌላው ቀለም ካልለካ ዋጋ ያላት አይመስለውም። ነጭነትም እንደ ጥቁረት ደመና ነው ያለው ራሱ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ረስቶታል። ፍቅሩ እውነተኛ ነው። የተማረው ንቀትም እውነተኛ ነው። ሁለቱ በአንድ አፍ ይናገራሉ።

ከቻላችሁ ሥዕሎቹንም እዩ። ብሌክ ግጥሞቹን ከሥዕል ጋር ቀርጾ፣ አትሞ፣ በእጅ ቀለም የሚቀባ ሰው ነበር። በሁለተኛው ገጽ ላይ ነጩ ልጅ በክርስቶስ ጉልበት ላይ ተደግፏል። ጥቁሩ ከኋላው ቆሞ ፀጉሩን ይነካል። በሰማይም ቆሟል ማለት ነው። በአንዳንድ ቅጂዎች ላይ ያ የቆመው ልጅ በጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ በሌሎቹ ላይ እንደ ነጩ ልጅ ፈዝዟል። አንዱ ቅጂ ጥቁር ሆነህ ትገባለህ ይለዋል። ሌላው ቀለምህን ጥለህ ግባ ይለዋል። ቅጂዎቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ግጥሙን እንደገና አንብቡ።

ብሌክ ይህን ያደረገው ዘረኝነትን ሊያጋልጥ ነው ወይስ እሱም የዘመኑ ሰው ስለሆነ? ተንታኞች እስካሁን ይከራከሩበታል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ግጥሙ የልጁን ፍቅር ያከብራል፤ ነገር ግን አንድ ልጅ ለመወደድ ይህን ያህል መክፈል እንዳለበት ሲያስብ እንድንሰማው ያስገድደናል። የልጁን ልብ እያደነቅን በዚያ ልብ ላይ የተጫነውን መጥላት እንችላለን። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የያዘ አንባቢ ግጥሙን ለግማሽ ጥሎታል።

ሦስተኛውን ጥያቄ ለእናንተ እተወዋለሁ። የ1789 ለንደንን እያሰባችሁ መልሱት።

7. አሁን ታሪኩን አምጡ

እስካሁን ታሪክ ትንሽ ብቻ ተጠቅመናል። አንዳንድ ግጥም ግን ያለ ታሪኩ አይከፈትም።

መስከረም 15 ቀን 1963፣ እሁድ ጠዋት፣ አላባማ ውስጥ በበርሚንግሃም ከተማ በ16ኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ላይ የነጭ የበላይነት አራማጆች ያጠመዱት ፈንጂ ፈነዳ። አራት ልጃገረዶች ሞቱ። ሦስቱ 14 ዓመታቸው ነበር፤ አንዷ 11። ገዳዮቹ ወዲያው አልተቀጡም። የመጀመሪያው ጥፋተኛ የተባለው በ1977 ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ በ2001 እና በ2002።

ጥቁር አሜሪካዊው ገጣሚ ደድሊ ራንደል "የበርሚንግሃም ባላድ" በሚለው ግጥሙ ይህን ቀን በእናትና በልጅ ንግግር ጻፈው። ባላድ ታሪክ የሚተርክ፣ ዘፈን መሰል ግጥም ነው። ሴት ልጅ እናቷን ትለምናለች፦ ለነፃነት ከሚሰለፉት ልጆች ጋር ልሂድ? እናት እምቢ ትላለች። ውሻ አለ፣ ዱላ አለ፣ እስር አለ፣ ጥይት አለ። ይልቅ ቤተ ክርስቲያን ሂጂና ዘምሪ። ልጅቷ ፀጉሯን ታበጥራለች። ትታጠባለች። ትንንሽ ቡናማ እጆቿ ላይ ነጭ ጓንት፣ እግሮቿ ላይ ነጭ ጫማ። እናት ልጇ ቅዱስ ቦታ መሆኗን አስባ ፈገግ ትላለች። ከዚያ ፍንዳታው ይሰማል። እናት እየሮጠች ትመጣለች፤ ጡብና ብርጭቆ በእጇ ትቧጥጣለች። የምታገኘው ጫማዋን ነው።

ታሪኩን ከግጥሙ ጋር ስታስተያዩ አንድ ነገር ይገባችኋል። ሕፃናቱ የተሰለፉት፣ ውሻና የውሃ ቱቦ የተለቀቀባቸው፣ በግንቦት 1963 ነበር። ፍንዳታው በመስከረም ነው። ራንደል አራት ወር አጥፎ በአንድ ጠዋት አደረገው። ለምን? የእናትን ምርጫ ሊያሳየን ነው። እሷ የመረጠችው ጥንቃቄን ነው። እናት ልጇን ከአደጋ የምታርቅበትን መንገድ ሁሉ ሄዳለች። ዘረኝነት ግን ጥንቃቄውን ራሱን ወጥመድ አደረገባት።

እዚህ ግጥም ላይ ሁለት የተሳሳቱ ንባቦች ይመጣሉ። አንዱ "ሰልፉ ይሻላት ነበር" ብሎ እናትን መውቀስ። ሁለተኛው "ምስኪን እናት" ብሎ ፈንጂውን ያጠመዱትን መርሳት። ሂሳቡን ስትሠሩ የእናትን ፍቅር በአንድ በኩል፣ ዋጋዋን ያስከፈሏትን በሌላ በኩል ጻፉ። ግጥሙ ገዳዮቹን በስም አይጠራም። ስለዚህ እነሱን ወረቀቱ ላይ ማስገባት የእናንተ ሥራ ነው።

ያችን ነጭ ጫማ ደግሞ ተከተሏት። መጀመሪያ ስትመጣ ልጅቷ ለቤተ ክርስቲያን ያጠለቀቻት ናት። መጨረሻ ላይ ስትመጣ ከልጅቷ የቀረ ነገር ናት። ራንደል ስለ ሐዘን አላስተማረንም፤ ጫማዋን ሁለት ጊዜ አሳየን። ዕቃ ሁለት ጊዜ ሲጠራ ባያችሁ ቁጥር በመሀል ምን እንደተለወጠ ጠይቁ።

8. ይህ ፍቅር እምቢ ማለት ይችላል?

የሚጠላችሁን መውደድ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንገት መድፋትም ከሩቅ ሲያዩት ፍቅር ይመስላል። እንዴት እንለያቸው?

ጥቁር ገጣሚው ክላውድ ማኬይ ከጃማይካ ወደ አሜሪካ የሄደው በ1912 ነው። በ1921 "አሜሪካ" የሚል ሶኔት፣ ማለትም 14 መስመር ግጥም፣ አሳተመ። አገሪቱ የምሬት እንጀራ ታበላኛለች፣ የነብር ጥርሷን ጉሮሮዬ ላይ ትተክላለች ይላል። ወዲያው ደግሞ እንደምወዳት አልክድም ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን መስመር እዩ። ንጉሥ ፊት እንደቆመ አመፀኛ በቅጥሯ ውስጥ ቆሜያለሁ፤ ፍርሃትም፣ ተንኮልም፣ ፌዝም የለብኝም ይላል። ቆሟል። ልክ እንደ ብሌክ ልጅ። ልዩነቱ ማኬይ የቆመው ሊያገለግል አለመሆኑ ነው። እንደሷ ልሁን አላለም። ወደፊት ተመልክቶ ታላቅነቷ በአሸዋ ውስጥ ሲሰምጥም ያያል። የሚወዳትን አገር አይዋሻትም።

እኔ የምጠቀምበት መለያ ይህ ነው። በግጥሙ ውስጥ የሚወደው ሰው እውነቱን መናገር ይችላል? መሄድ ይችላል? እምቢ ማለት ይችላል? ከቻለና ግን ከወደደ ስጦታ ነው። ካልቻለ "ፍቅር" የተባለውን ነገር በጥንቃቄ ያዙት። ምናልባት መኖር የሚቻልበት ብቸኛ መንገድ ሆኖ ይሆናል።

9. በቡድን ስታነቡ

ከጓደኞች ጋር ወይም በንባብ ክበብ የምታነቡ ከሆነ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የዘር ስድቡን ጮክ ብላችሁ ትላላችሁ ወይስ ትዘሉታላችሁ? ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ፤ መሀል ላይ ግራ መጋባት ሰው ያቆስላል። እኔ በዚያ ቦታ ላይ ዝም ማለትን እመርጣለሁ። የቤት መምቻው ባዶ ሆኖ ሲቀር ጆሮ የሚሞላውን ያውቃል፤ ግጥሙ አይጎዳም።

በመካከላችሁ ዘረኝነት የደረሰበት ሰው ካለ "እስቲ አንተ አስረዳን" አትበሉት። መናገር ከፈለገ ራሱ ይናገራል።

"ፍቅር ሁሉን ያሸንፋል" ብሎ ውይይቱን ሊዘጋ የሚሞክር ሰው አይጠፋም። በጨዋነት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ የትኛው መስመር ላይ አሸነፈ? ካሳየ ግሩም ነው፣ ሁላችሁም ታገኛላችሁ። ካላሳየ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ።

10. ራሳችሁ መጻፍ ካማራችሁ

ብዙ ካነበባችሁ በኋላ እጃችሁ መብላቱ አይቀርም። አንድ ድርጊትና አንድ ዕቃ ምረጡ። ዕቃዋ ሁለት ጊዜ ትምጣ፤ በመሀል አንድ ነገር ይለወጥ። "ዘረኝነት"፣ "ፍቅር"፣ "ሰብአዊነት" የሚሉትን ቃላት ከመጀመሪያው ረቂቅ አውጡ። ቃላቱ ሲወጡ ግጥሙ ከፈረሰ፣ ከመጀመሪያውም የቆመው በእነሱ ላይ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ያልኖራችሁትን ሕመም "እኔ" ብላችሁ ለመጻፍ ከመድፈራችሁ በፊት የምታውቁትን ቦታ ሞክሩ። አይታችሁ ዝም ያላችሁበትን ጊዜ ጻፉ። ሰው ሲከፍል ቆማችሁ ያያችሁበትን ጻፉ። ለዚያ ለመታመን ማንንም መምሰል አያስፈልጋችሁም።

የተበደለውን ሰው መልአክ አታድርጉት። መቆጣት የማይፈቀድለት ገጸ ባሕርይ ሰው አይሆንም። ይቅር ካለም ይቅርታው ምን እንዳስከፈለው አሳዩ። ካላለም ተዉት፣ አታስገድዱት።

ቀጥሎ ምን ላንብብ ለሚል፣ ላንግስተን ሂዩዝ በ1922 ያሳተመው "እናት ለልጇ" አለ። እናት ሕይወቷን ስትወጣው በኖረችው ደረጃ ትገልጻለች፤ ሚስማር የበዛበት፣ ጣውላው የተገነጠለ፣ ምንጣፍ የሌለው ደረጃ። ልጇን አትቀመጥ ትለዋለች፤ እኔ ገና እየወጣሁ ነው። ይህን ከሃይደን አባት ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። አንደኛዋ ትናገራለች፣ ሌላው ዝም ይላል። ግሶቹን አክብቡና ሂሳቡን ሥሩ፤ ከዚያ የትኛው ልጅ ዕዳውን ቀድሞ እንዳወቀ ጻፉ።